የአልትራሳውንድ ዝግጅት በጽሑፍ ይሰጠን

ስለ አልትራሳውንድ ያወጣችሁት ጽሑፍ ምርመራው ራጅ የሚጠቀምበትን ዓይነት ጨረር እንደማይጠቀም በትክክል ገልጿል። መሣሪያው የሚሠራው ጆሯችን በማይሰማው፣ ከ20,000 ኸርትዝ በላይ በሆነ የድምፅ ሞገድ ነው። የዝግጅቱ ነገር ግን ተዘሏል። ታካሚን የሚያጉላላው ደግሞ እሱ ነው።

የሐሞት ከረጢት የሚታይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ምግብ ሲገባ ከረጢቱ ይኮማተራል፤ ጠጠር ቢኖርም ለማየት ያስቸግራል። ማህፀን በሆድ በኩል ሲታይ ግን ውሃ ጠጥቶ፣ ሽንት ይዞ መምጣት ነው። የሞላ ፊኛ አንጀትን ገፋ አድርጎ ለድምፁ መንገድ ይከፍታል። ይህን ሳያውቅ ቁርሱን በልቶ የመጣ ሰው በሌላ ቀን ተመለስ ይባላል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የነገረው የለም።

ውጤቱም ቢሆን ገደብ አለው። አየርና አጥንት ድምፁን ስለሚያግዱት ከጀርባቸው ያለው በደንብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ "ምንም አልታየም" ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ፣ ወደ ሐኪም መመለስ ይገባል።

የጤና ተቋማት በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ ምግብ ይበላል ወይ፣ ካልተበላ ለስንት ሰዓት፣ ውሃስ ይጠጣል ወይ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከመቆየቱ በፊት ማንን እንደሚጠይቅም ይታከልበት።