ለደንበኞቻችን፦ የመኪናችሁን ድብቅ ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ወደ ጋራዣችን ብቅ የምትሉ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «በስልክ አፕ የመኪና ድብቅ ሴቲንግ ይከፈታል ይባላል። እናንተ ጋ ይሠራል ወይ?» አዎ፣ ይሠራል። ደስ እያለን የምንሠራው ሥራ ነው። ችግሩ፣ ሌላ መኪና ሥር ተኝተን፣ እጃችን ዘይት ሆኖ የምንሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ ይጎድላል። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብለን ጻፍነው።

ሴቲንጉ ለምን ተደበቀ? ፋብሪካ አንድን ሞዴል ለብዙ አገር ነው የሚሠራው። ሕጉ ግን ከአገር አገር ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2011 ጀምሮ አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ቀን ቀን የሚበራ መብራት እንዲኖራቸው አስገድዷል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራ መኪና ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ይጮኻል። የዱባይ መኪና ይዛችሁ ወደ አዳማ የወረዳችሁ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ አገር ሌላ ኮምፒዩተር ልሥራ ቢል አይዘልቀውም። አንዱን ይሠራና ውስጡ ብዙ ማብሪያ ማጥፊያ ያስቀምጣል። ለሚሄድበት አገርና ለተገዛው ደረጃ የሚሆነውን ያበራል፣ የቀረውን ያጠፋል። ኮዲንግ የምንለው እነዚያን ማብሪያ ማጥፊያዎች መንካትን ነው።

ስለዚህ ኮዲንግ ጥገና አይደለም። አዲስ ዕቃ መግጠምም አይደለም። የኋላ ካሜራ የሌለው መኪና በኮዲንግ ካሜራ አያወጣም። ቼክ ኢንጂን ያበራ መኪናም መብራቱ ይጠፋ ይሆናል እንጂ በሽታው አይድንም።

መግቢያው ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። እዚያ ላይ ትንሽ ማገናኛ ይሰካል፤ ማገናኛው በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር ያወራል። አፑ እንደ መኪናው ነው። ለቶዮታና ለሌክሰስ ካሪስታ፣ ለቮልስዋገንና ለዘመዶቹ ኦቢዲኢሌቨን፣ ለቢኤምደብሊው ቢመርኮድ በብዛት ይሠራባቸዋል። በዕድሜ የገፉ ቪትዞችና ኮሮላዎች ላይ ግን በአፕ የሚቀየር ነገር እምብዛም የለም። ይህን ቀድመን የምንነግራችሁ በከንቱ ቀን እንዳታባክኑ ነው።

ሰው በጣም የሚወደው ምኑን ነው? የሃይብሪድ ቶዮታ ባለቤቶች የኋላ ማርሽ ድምፁን። ኋላ ማርሽ እስካለ ድረስ ካቢኑ ውስጥ «ቲት ቲት» ማለቱን አያቆምም። ደጅ ያለ ሰው አይሰማውም፤ የሚሰማው ነጂውና ከኋላ የተኛው ሕፃን ነው። አንዴ ብቻ ጮኾ ዝም እንዲል ማድረግ በአብዛኞቹ ላይ ይቻላል። ፍሬቻን አንዴ ነካ ሲያደርጉት 3 ጊዜ የሚለውን 5 ጊዜ ማድረግም አለ። መስኮት በሪሞት መዝጋትም እንዲሁ።

እኛ የምንወደው ግን የስፖኪዮውን ነው። ኋላ ማርሽ ሲገባ የቀኙ ስፖኪዮ ራሱ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ የኋላ ጎማውንና የመንገዱን ጠርዝ ያሳያችኋል። ክዳን የሌለው ቦይ ዳር መኪና አቁሞ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። የሚሆነው ግን ስፖኪዮው በሞተር የሚንቀሳቀስ ሲሆንና የበሩ ኮምፒዩተር ሲያውቀው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ።

የቆየ ቮልስዋገን ጎልፍ ያለው ደንበኛችን ከጥቂት ጊዜ በፊት ተጨንቆ መጣ። ክሩስኮቱ ላይ «የኋላ አምፖል ተቃጥሏል» የሚል ምልክት አልጠፋ ብሎታል። አምፖሉን ሁለት ጊዜ ቀይሯል፤ ምልክቱ እዚያው ነው። አምፖሉን ነቅለን አየነው፤ ደህና ነው። ሽቦውን ለካን፤ ደህና ነው። ከዚያ «ኮዲንግ ነክተሃል እንዴ?» አልነው። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ስልኩን አወጣ። የራሱ ዓይነት መኪና ያለው ጓደኛው በቴሌግራም አንድ ረጅም የቁጥርና የፊደል መስመር ልኮለት ኖሯል። እሱም ኮፒ አድርጎ መኪናው ላይ ጻፈው።

ያ መስመር ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ብዙ ኮምፒዩተሮች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። መብራትን፣ ፍሬቻንና መጥረጊያን የሚያዘው በዲያግኖሲስ ቁጥሩ 09 ነው። ክሩስኮቱ 17፣ ኤርባጉ 15 ነው። የ09 ሴቲንግ እንደ አንድ ረጅም መስመር ይነበባል። መስመሩ በባይት ይከፈላል፤ አንዱ ባይት 8 ቢት አለው። እያንዳንዷ ቢት አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ ወይ 1 ወይ 0። አንዷ ለቀን መብራቱ ናት። ሌላዋ «የኋላ መብራቱ ተራ አምፖል ነው ወይስ ኤልኢዲ?» የሚለውን ትመልሳለች። የጓደኛው ጎልፍ ኤልኢዲ ነበር፤ የእሱ ተራ አምፖል። ኮምፒዩተሩ ኤልኢዲ አለ ብሎ ይፈትሻል፣ የሚያገኘው ሌላ ነው፣ «ተቃጥሏል» ይላል። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም። የተነገረውን ነው ያመነው።

«የድሮው መስመር የታለ?» አልነው። አልመዘገበውም። ፈልጎ የነበረው እኮ የፍሬቻዋን ቁጥር መጨመር ብቻ ነው፤ አንዲት ነገር። በአንዲት ነገር ፈንታ ሁሉንም ቀየረ፣ የነበረውንም አጠፋ። እኛም መብራቱን አንድ በአንድ እያየን፣ መጥረጊያውን እየሞከርን፣ መኪናው ላይ ያለውን ዕቃ ከቢቶቹ ጋር እያስተያየን መስመሩን እንደገና ሠራነው። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። የድሮውን መስመር በስልኩ ፎቶ አንስቶት ቢሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ደብዳቤውን የጻፍነው በዋናነት ለዚህ ነው። በዚህ ሥራ አደገኛው ነገር መቀየሩ አይደለም፤ የነበረውን ሳይመዘግቡ መቀየሩ ነው። የጻፉትን መልሶ መጻፍ ይቻላል፣ የድሮው በእጅ እስካለ ድረስ። ስለዚህ እኛ ጋ ትልቁ መሣሪያ ደብተር ነው። የሰሌዳ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ የኮምፒዩተሩ ቁጥር፣ የነበረው፣ የተቀየረው፣ ቀኑ። ከሥራው በኋላ ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርገን እንሰጣችኋለን። ከሊብሬው ጋር አኑሩት። መኪናውን ስትሸጡም ለገዢው ስጡት፤ የእሱ መካኒክ ያመሰግናችኋል። የምንቀይረውም አንድ በአንድ ነው። አንዱን ቀይረን፣ መኪናውን አጥፍተን፣ አስነስተን፣ ሞክረን ነው ወደሚቀጥለው የምንሄደው። «ቶሎ በሉ» ስትሉን ፈገግ ብለን እንቀጥላለን። አትቀየሙን።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪ ነው። ኮድ እየተጻፈ ሳለ ባትሪው ከደከመ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ግማሽ የተጻፈ ኮምፒዩተር አንዳንዴ ጨርሶ አይነሳም። ስለዚህ መጀመሪያ በቮልቲሜትር እንለካለን። ከ12.5 ቮልት በታች ከሆነ ሞልተን ነው የምንጀምረው። የፊት መብራት፣ ሬዲዮ፣ ኤሲ ሁሉም ይጠፋል። ቻርጀር ተሰክቶ ይቆያል፤ የሰፈሩ መብራት ድንገት ቢሄድ ደግሞ አጠገቡ ሌላ ሙሉ ባትሪ በኬብል ተያይዞ ይጠብቃል። ለአንዲት ፍሬቻ ይህ ሁሉ ጣጣ የበዛ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኛ አልበዛም።

ማገናኛውን በሚመለከትም አንድ ነገር እንበል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ትናንሽ ማገናኛዎች አብዛኞቹ ኢኤልኤም 327 የሚል ስም አላቸው። ዋናው ቺፕ የአንድ የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው ቅጂው ነው። የቼክ ኢንጂን ኮድ ለማንበብ ይሆናል። ለመጻፍ ግን አንመክርም፤ መልእክቱ ሲረዝም መሃል ላይ የሚያቋርጡ አሉ። ደግሞም ሰክታችሁ አትርሱት። የሶኬቱ 16ኛ ፒን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተገናኘ ነው፤ ቁልፍ ብትነቅሉም ኃይል አለው። አንዲት ደንበኛችን ማገናኛውን እንደተሰካ ትታ ለሁለት ሳምንት ሐዋሳ ሄደች። ስትመለስ መኪናዋ ድምፅ የለም። ማገናኛው 40 ሚሊአምፔር ቢስብ እንኳ በ14 ቀን ከ13 አምፔር ሰዓት በላይ ይበላል። የትንሽ መኪና ባትሪ ጠቅላላው 35 ገደማ ነው፤ ያውም አዲስ እያለ።

የማንሠራውንም በግልጽ እንንገራችሁ። የኪሎ ሜትር ቁጥር አንነካም። የኤርባግ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተን መብራቱን ዝም አናሰኝም። የናፍጣ መኪና የጭስ ማጣሪያን ከኮምፒዩተሩ አናጠፋም። 120 ሲያልፍ የሚጮኸውንም ድምፅ አናጠፋም።

የቀበቶውን ድምፅ በተመለከተ ብዙ ጊዜ ስለምንከራከር ትንሽ እንቆይበት። አፑ ላይ በአንድ ንክኪ የሚጠፋ መኪና ሞልቷል። እኛ አናጠፋውም። ከእኛ መካከል አንዱ ዛሬ ቆሞ የሚሠራው አደጋ በደረሰበት ዕለት ቀበቶ ስላሰረ ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ እንደ ምቾት ማየት አይሆንልንም። «ጎን ወንበሩ ላይ ዘንቢል ሳስቀምጥ ይጮህብኛል» የምትሉ አላችሁ። ልክ ነው፣ ወንበሩ ሥር ያለው ሴንሰር ክብደቱን ሰው ነው ብሎ ያስባል። ዘንቢሉን ወለሉ ላይ አድርጉት። ካልሆነም በቀበቶው እሰሩት፤ ፍሬን ስትይዙም አይወድቅባችሁም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖችም ትጠይቁናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የቮልስዋገንን ኤሌክትሪክ መኪኖች፣ አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስን፣ ማየት የተለመደ ሆኗል። አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ አይዲ ሲክስ እንዲያውም ፋብሪካው ለሌላ አገር አላሰበውም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ቋንቋ ነው። «ቻይንኛውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩልን።» ይህ ግን የማብሪያ ማጥፊያ ጉዳይ አይደለም። ቋንቋው ሲስተሙ ውስጥ ካልተጫነ ኮዲንግ ከየትም አያመጣውም፤ ሶፍትዌር መጫን ይጠይቃል። ያ ሌላ ሥራ ነው፣ አደጋውም ሌላ ነው። ስክሪኑ ጨርሶ ጨልሞ የቀረባቸው መኪኖች ገጥመውናል። እኛ አሁን አንሠራውም። የሚሠራላችሁን ሰው ስታገኙ «ቢበላሽ የድሮውን ትመልሰዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከተንተባተበ ቁልፉን አትስጡት።

እነዚህ መኪኖች ሌላም ነገር አላቸው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ2020 ገደማ ጀምሮ፣ ከጎልፍ 8 እና ከአይዲዎቹ ወዲህ፣ ብዙዎቹን ኮምፒዩተሮች ቆልፏቸዋል። ለመጻፍ ከፋብሪካው ሰርቨር ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ ፈቃዱም የሚቆየው 90 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ እንደገና መጠየቅ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ በደከመበት ቀን «ነገ ተመለሱ» ስንላችሁ ስንፍና እንዳይመስላችሁ።

ስትመጡ የመኪናውን ሁለቱንም ቁልፍ ይዛችሁ ኑ። አንዳንዱ ሴቲንግ በቁልፍ ይለያያል፤ በአንዱ ቁልፍ የተቀየረው በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። በተቻለ መጠን ጠዋት ኑ። የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፤ አፑን ከፍተን «ይሄስ? ያስ?» እያልን ከመዋል ይሻላል። የቀየርንላችሁ ነገር ካልተመቻችሁ ወደነበረበት ለመመለስ ምንም አናስከፍልም። ብዙ ሰው በሳምንቱ የስፖኪዮውን ይወደዋል፣ የፍሬቻዋን ይረሳታል። አንዳንዱም ተመልሶ መጥቶ የኋላ ማርሹን ድምፅ መልሱልኝ ይላል፤ መልሰንለታል።

ቤት ውስጥ በራሳችሁ አፕ አንድ ነገር የነካችሁና አሁን ያሳሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ አትሸማቀቁ። አፑን ከስልካችሁ ላይ አታጥፉት። አንዳንዶቹ አፖች የተደረገውን ሁሉ ታሪክ ብለው ያስቀምጣሉ፤ የድሮው ቁጥር እዚያ ሊገኝ ይችላል። ገጹን ስክሪንሾት አድርጋችሁ፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ፣ መኪናውን ይዛችሁልን ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች