ለቤት ገዢ ብሎ የሚመረምር ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሠላሳ ዓመት በመንዝና በጣርማበር ጤና ጣቢያዎች በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ስወጣ፣ ያጠራቀምኩትን ልጄ ከባንክ ከተበደረችው ጋር አዳምሬ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ የብሎኬት ቤት ገዛሁ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ስላየው ቤቱ ተመርምሯል ብዬ ልቤን ጣልኩ። መሐንዲሱ የገመተው ግን ዋጋውን ብቻ ኖሯል። ደላላው ደግሞ «እትዬ፣ የማውቀው ባለሙያ አለ፤ ያይልዎታል» አለኝ። ሰውየው አይቶ «እንከን የለበትም» አለ። ለሰውየው የከፈለው ደላላው መሆኑን የሰማሁት ከርሜ ነው።

ሐምሌ ሲገባ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ከቀለሙ ሥር ብቅ አለ፤ በጀሶ የተደፈነ የቆየ ስንጥቅ ነበር። ቤቱ ያረፈው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሠረቱን ሲያነሣና ሲጥል ይኖራል። የአሸንዳው ውሃም የሚወርደው እዚያው መሠረቱ ሥር ነበር። ያስጠራሁት ግንበኛ ግድግዳው መንቀሳቀሱን ለማወቅ በመስከረም ስንጥቁን አሻግሮ የአዝራር ያህል ጀሶ ለጠፈና ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። ታኅሣሥ ላይ ጀሶው ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ግድግዳው ዛሬም አልረጋም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፕላን የሚያጸድቅ፣ ግንባታ የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ ሰይሞ ነበር። ግንበኛውም የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ይይዛል። ተኖሮበት ለሽያጭ የቀረበን ቤት ለገዢው ብሎ የሚመረምር፣ ስሙ በማኅበር መዝገብ የሰፈረ ሰው ግን ፈልጌ አጣሁ።

በአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር ከተመሠረተ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የሥነ ምግባር ደንቡ አባሉን ሥራ ላመጣለት ደላላ እንዳይከፍል ይከለክለዋል። የመረመረውን ቤት ጉድለት እስከ አንድ ዓመት ድረስ በገንዘብ እንዳይጠግንም ያግደዋል። ይህን ሁለተኛውን እኔ እንደ ነርስ በጣም ወድጄዋለሁ፤ በሽታውን የሚያገኘውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ሰው ሲሆን ሕመምተኛው ማንን ይመን?

የኢትዮጵያ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ጉዳይ እንዲነጋገሩ እለምናለሁ። መመዘኛ ይውጣ፤ መመዘኛውን ያለፉ ባለሙያዎች ስምና የምዝገባ ቁጥር ማዘጋጃ ቤት ይለጠፍ፤ ከሻጭ ወይም ከደላላ ገንዘብ የተቀበለ ከመዝገቡ ይሰረዝ። እኔ የሙያ ፈቃዴን ሳላሳድስ በሽተኛ ነክቼ አላውቅም።

ከአጥሬ ማዶ ያለው ቤት ሊሸጥ ነው። ትናንት ግድግዳውን ጀሶ ሲለስኑት ነበር፤ ዛሬ ቀለም ጀምረዋል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን