ለጥምቀት ያልደረሰ ቀሚስ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ ጋቢዋን ደርባ ከምድጃው አትርቅም። ባለፈው ሳምንት ስትደውዪ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት ሁለት ነገር ነው፦ አያት አካባቢ ሱቅ ተከራይተሻል፤ ደግሞም አሥራ ስምንት ዓይነት ስፌት የሚሰፋ መኪና በቅናሽ አግኝተሽ ቀብድ ልትከፍዪ ነው። ስለ ሱቁ ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ የነሳኝ መኪናው ነው።

እኔ የስፌት ሥራ የጀመርኩት በሰው በረንዳ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጨርቅ ሻጩ ውስጥ ሆኖ ሜትሩን ይዘረጋል፤ ደንበኛው ቴትሮኑን ወይም ገበርዲኑን ጠቅልሎ ሲወጣ እኔ ደጃፉ ላይ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ፈልጌ አላውቅም። ከባለ ሱቁ ጋር በኪራይ ተቀያይመን ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቄ የራሴን በር ስከፍት ግን ጉዴ ፈላ። ደንበኞቼ ናቸው ያልኳቸው ሰዎች የጨርቁ ደንበኞች ኖረዋል። በመጀመሪያው ወር ደጄን የረገጡት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ስለነበር ማን ማን እንደሆኑ ልብ ብዬ አየኋቸው። እጄን ወደው ነው እንዳልል፣ እዚያው በረንዳ ላይ ከእኔ የተሻለ ኮት የሚሰፋ ሰው ነበር። ዘጠኙም ግን "ሐሙስ ና" ብያቸው ሐሙስ ልብሳቸውን ይዘው የሄዱ ሰዎች ናቸው። አንዱ መምህር "አንተ ዘንድ ሁለቴ አልመላለስም" አለኝ። ሐሙስን እየሸጥኩ እንደምበላ ያኔ ገባኝ።

አሁን ስለ መኪናው። አንቺ ገና ሕፃን ሳለሽ እኔም እንዳንቺ በቅናሽ ተታልዬ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ነጭ፣ የሚያምር፣ አበባ ሳይቀር የሚጠልፍ መኪና ገዛሁ። እግሬን ማረፍ አማረው መሰለኝ። ጥር 9 ማታ፣ ከተራ ሊሆን አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ አራት ቀሚስ ገና ጥበቡ አልተያያዘም፤ መኪናው ቀጭ አለና ቆመ። ሞተሩ ይዞራል፣ መርፌው አይንቀሳቀስም። በካቻቢቴ ስከፍተው ውስጡ ያለው ማርሽ ፕላስቲክ ነው፤ ጥርሱ ተልጦ እንደ ቆሎ እጄ ላይ ረገፈ። የሸጠኝ ሰው መለዋወጫውን ይዞ አያውቅም። ሌሎችም ቢሆኑ ያን ዓይነት አይተው አያውቁም። የጎረቤቴን አሮጌ የእግር መኪና ለምኜ እስከ ንጋት ረግጬ ሦስቱን ጨረስኩ። የአራተኛዋ ባለቤት ጠዋት ስትመጣ ቀሚሷ ሳይሰፋ በመርፌ ብቻ እንደተያያዘ ነበር። አልተቆጣችም። እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ እሷም አምስት እህቶቿም ግን የሚያሰፉት ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል ሰው ሁሉ ስለ ለባሿ ያስባል፤ እኔ የሚታየኝ ሰፊው ነው።

ያ ሌሊት ያስተማረኝን በአጭሩ ልንገርሽ፤ መኪና ስትገዢ ስንት ዓይነት ይሰፋል ብለሽ አትጠይቂ። ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው፣ ዕቃውስ የት ይገኛል ብለሽ ጠይቂ። በእኛ ልጅነት የልብስ ስፌት መኪና ሁሉ ሲንጀር ይባል ነበር። ኩባንያው የአሜሪካ ነው፤ በፈረንጆቹ 1850ዎቹ ለድሃው ሰው በየጊዜው በሚከፈል ብድር መሸጥ ጀምሮ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ይህም ደንበኛ የማግኛ ብልሃት ነው፤ ለእኔና ለአንቺ ግን የሚጠቅመን ሌላው ነገሩ ነው። 15 ቁጥር የሚሉትን መኪናውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ቀዱት፤ ቻይናና ህንድም ተከተሉ። ቢራቢሮ የተሳለበት የሻንጋዩ መኪናም የዚያው ዘር ነው። ስለዚህ የአንዱ ቦቢን፣ የታቹ ክር የሚጠመጠምበት ማለቴ ነው፣ ለሌላው ይሆናል፤ ሠራተኛውም አንዱን ካወቀ ሁሉንም ያውቃል። ያቺ የጎረቤቴ መኪና ያዳነችኝ ለዚህ ነው፤ የእኔን የቀድሞ ቦቢኖች ሰክቼባት ሰፋሁ።

አንቺ ብዙ ስለምትሰፊ የፋብሪካ ዓይነቱ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋው መኪና ያስፈልግሽ ይሆናል፤ አልቃወምም። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሞተር ግን ጎንበስ ብለሽ እዪ። ክላች የሚሉት አሮጌው ዓይነት እግርሽን ብታነሺም ሲጮህ፣ መብራት ሲበላ ይውላል። ሰርቮ የሚባለው የሚዞረው ስትረግጪ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱንም መቀነስ ስለሚቻል ለተማሪ እጅ ይመቻል። መርፌውም የተለየ ነው፤ የቤቱ መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ሲሆን የፋብሪካው ድቡልቡል ነው፤ ሳታስተውዪ ደርዘን ገዝተሽ እንዳትመለሺ። ዘይቱን ነጩን፣ የስፌት መኪና የሚባለውን ግዢ። የወጥ ዘይት የሚያደርጉ አሉ፤ ከርሞ እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ ከዚያ "መኪናው ከበደኝ" ይላሉ።

ስትሄጂ በቦርሳሽ ሁለት ቁራጭ ያዢ፤ አንድ ጂንስና አንድ ስስ ገበር። ጂንሱን አራት አጥፈሽ ስፊበት፤ ከዚያ ክሩን ሳትነኪ ገበሩን ስፊ፤ ገልብጠሽም የታቹን ክር እዪ። ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለሽ መልሱን ሰጥቶሻል። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ መርካቶ መለዋወጫ የሚሸጡት ዘንድ ገብተሽ የዚያን መኪና የቦቢን ቤት ዋጋ ጠይቂ። "ይህ የለንም" ካሉሽ ባለ አሥራ ስምንቱን እዚያው ተዪው። ቀብዱን ከፍለሽ ከሆነም ይቅርብሽ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው የሚያጣው ቀብዱን ነው፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ቀብድ ማጣት ያማል፤ ደንበኛ ማጣት ግን ይብሳል፤ እኔ ስድስት ሴቶች በአንድ ጠዋት አጥቻለሁ።

ስለ ደንበኛ ቀደም ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የሙሽራ ቀሚስ ብቻ መስፋት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ ሕልምሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ለሠርጉ የማያውቀውን ሰፊ አያምንም። መጀመሪያ ሱሪውን አምጥቶ ይፈትንሻል። ሰፈርሽ ውስጥ ልብስ የሚሸጡትን ሱቆች ዙሪና "ረዘመ የተባለውን ሱሪ ደንበኛችሁ ቡናውን እስኪጠጣ አሳጥራለሁ" በያቸው። ሰልባጅ ለብሶ ማጥበብ የሚፈልገውም ብዙ ነው። ይህን ሥራ የሚንቁ ሰፊዎች አሉ፤ የናቁትን "ለቅመህ ብላ" ብትዪኝ የምበላው እኔ ነኝ።

ደግሞ አካባቢሽ ኮንዶሚኒየም ነው። ታዲያ መስኮቱ መጋረጃ አይፈልግም? በአንድ ሕንፃ ላይ ባለ አንድ መኝታው ቤት ሁሉ መስኮቱ አንድ ዓይነት ነው። አንዷን ጎረቤት በደንብ ሰፍተሽ ብትሰጪ፣ ከላይና ከታች ያሉት ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ ያዩታል፤ ልኩም አስቀድሞ ደብተርሽ ላይ አለ። ያም ሆኖ ሳትለኪ አትቁረጪ፤ ግንበኛ እንደ ሰፊ ነው፣ አንዳንዴ እጁ ይስታል። በቴሌግራም ሥራሽን ስታሳዪ የራስሽን ብቻ ለጥፊ። ከኢንተርኔት ያወረድሽውን ፎቶ አይታ የመጣች ሴት ያንኑ ትጠይቅሻለች።

የሁሉንም ልክ በስማቸው ጻፊ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ የተለካበት ቀን። ጅዳና ዋሽንግተን ያሉ የሰፈራችን ልጆች ዛሬም ለበዓል የአበሻ ቀሚስ የሚያዙኝ ልካቸው ደብተሬ ውስጥ ስላለ ነው። "ወፍሬአለሁ አባባ" ሲሉኝ ሁለት ጣት እጨምራለሁ። ዱቤ ለዘመድም አይሆንም፤ ግማሹን በቀብድ ተቀበዪ። በቴሌብር ከፈልኩ የሚልሽን ሰው ስልኩን ቢያሳይሽም የራስሽን ስልክ መልእክት እዪ።

ዓመቱንም እወቂው። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ሠርግ ነው፤ ከፋሲካ በኋላም ሚያዝያና ግንቦት እንዲሁ። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ያን ጊዜ መኪናዬን ፈትቼ አጥባለሁ፣ ቺንጊያውን እቀይራለሁ። ዩኒፎርም መስፋት ካሰብሽ ትምህርት ቤቶቹን በሰኔ አነጋግሪ፤ በነሐሴ የሄደ ሰው የሚያገኘው ሌላው የወሰደውን ሥራ ነው። በእነዚህ ወራት ከእጅሽ በላይ ሥራ አትቀበዪ። "ለበዓል አልደርስልሽም" ያልኳቸው ሰዎች ተመልሰው መጥተዋል።

መብራት ሲጠፋ የምትረግጪው መኪና እንዲኖርሽ የእኔን መኪና የላይኛውን ብረት በሚቀጥለው ወር እልክልሻለሁ፤ የሚረገጠውን እግሩን እዚያው ብረት ቤት ታሠሪለታለሽ። ጉልበቴም እንግዲህ ከረዥም ቀሚስ ጋር አይስማማም።

መቀሱን በአክስትሽ ልጅ እጅ ዛሬ ልኬዋለሁ። ያስሳልኩት ትናንት ነው። በእሱ ከጨርቅ በቀር ምንም አትቁረጪ። ወረቀት እንደቆረጥሽበት ከሰማሁ ግን አውቶቡስ ተሳፍሬ መጥቼ እወስደዋለሁ።

አባትሽ