ስለ ልጄ ስትጠይቁ ልጄንም ጠይቁት

ክቡር አዘጋጅ፣

መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀንን አስታካችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሐኪሙ ተናግሯል፣ መምህርቷ ተናግራለች፣ እንደ እኔ ያለች እናትም አልቅሳለች። ኦቲዝም ያለው ሰው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። (እናንተ «ያለበት» ብላችኋል፣ ስኳር ያለበት እንደማለት። እኔ «ያለው» እላለሁ። ልጄ የትኛውን እንደሚመርጥ ጠይቄው አላውቅም።)

ወቀሳው ለእኔም ይድረሰኝ። ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ በአፉ አይናገርም፣ ስልክ ላይ ይጽፋል። ካቻምና ለጥናት ቤታችን የመጡ ወጣቶች አንድ ሰዓት ሙሉ መጠይቅ ሲሞሉ እሱ እዚያው ሶፋው ላይ ነበር። «ጓደኛ አለው?» አሉኝ፤ «የለውም» አልኩ። እንግዶቹ ቡናቸውን ጠጥተው ከወጡ በኋላ ስልኩን አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፦ «ሊስትሮው»። ለካ ከሰዓት ከሰዓት ከሊስትሮው ጎን ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሲጠረግ ለማየት አልነበረም! መጠይቁ ግን «የለውም» እንዳለ ሄዷል።

ወላጆች የሠራነውን ማንም አይክደንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ባይመሠርቱ ስንቱ ልጅ ጓዳ ተዘግቶበት በቀረ። ነገር ግን የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው።

«የማይናገረውን እንዴት እንጠይቅ?» የሚል አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው አስፓየር የተባለ የጥናት ቡድን ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች እንደ አጥኚ አስገብቶ፣ ማውራት ለሚከብዳቸው ሲል በኢንተርኔት በጽሑፍ ይሰበሰባል። አብረው ካወጧቸው ነገሮች አንዱ ታካሚው መብራቱ ይረብሸው እንደሆነ፣ በምን መንገድ መግባባት እንደሚቀለው ለሐኪሙ የሚያስረዳ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን ቢሮ ተቀምጦ ማን ያስበዋል?

በሌላ በኩል እንግሊዝ ውስጥ በካምብሪጅ ተመራማሪዎች ይመራ የነበረው ስፔክትረም 10ኬ የተባለ ጥናት ኦቲዝም ያላቸው የ10,000 ሰዎችን ዘረመል ሊሰበስብ ተነሥቶ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ በሳምንታት ውስጥ ለጊዜው ቆመ። ባለጉዳዮቹ «ዘረመላችንን ለምን ልታውሉት ነው?» ብለው ተነሡበታ! ጥያቄው መጀመሪያ ቢቀርብ ባልከበደ።

ለከርሞ መጋቢት ዘገባ ስታዘጋጁ ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩልን። ልጄ ለአንዱ ጥያቄ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሰዓት አትደውሉ።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ