ፕሪንተሬ አልተበላሸም፣ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው

ለሸማቾች መብት ጥበቃ የሥራ ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ቢሰጣቸውም እስከ ዛሬ «ለባለሙያ ተመርቷል» ከመባል በቀር አንድ መስመር ምላሽ ስላላገኘሁ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

ዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በከፈትኳት ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት የምተዳደር ሴት ነኝ። በዕቁብ ገንዘቤ አዲስ የቀለም ፕሪንተር ከአንድ ዓመት ዋስትና ጋር ገዛሁ። በ14ኛው ወር፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው በሬ ላይ በተሰለፉበት ሳምንት፣ ሁለት መብራቶቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም አሉና ማሽኑ ቀጥ አለ። ቀለም አላለቀበትም፣ ወረቀትም አልያዘበትም። የሸጠልኝ ነጋዴ «ዕድሜው አልቋል፣ ሌላ ግዢ» ብሎ አሰናበተኝ፤ የዕቁቡን ዕዳ ግን ገና ከፍዬ አልጨረስኩም ነበር።

ሄርማታ ሰፈር ያለ አንድ የጥገና ባለሙያ ማሽኑን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚጠራቀመውን ትርፍ ቀለም የሚቆጥረውን የውስጥ ቆጣሪ ወደ ዜሮ መለሰው። ትርፍ ቀለም የሚመጥጠውን፣ ጥቁር ጭቃ የመሰለውን ስፖንጅ ከሥሩ አውጥቶ አጠበና ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ ገጠመው፤ በማግስቱ ማተም ጀመረ። ስፖንጁ ሲሞላ ቀለም እንዳይፈስ ማስጠንቀቂያ መስጠቱን አልቃወምም። የሚያንገበግበኝ፣ ታጥቦ የሚመለስ ስፖንጅ ምክንያት ሆኖ ማሽኑ ራሱን እንዲቆልፍ መሠራቱና መክፈቻው ለገዢው አለመሰጠቱ ነው። የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው በተቃጠለ ቁጥር ሽቦው ብቻ እየተቀየረለት እስከ ዛሬ እንጀራ ይጋግራል። ጎረቤቴ ግን እንደ እኔው የቆሙባትን ሁለት ፕሪንተሮች መጠገን እንደሚቻል የሚነግራት ሰው አጥታ ከደረጃ ሥር ጥላቸዋለች።

ዕቃን ሆን ብሎ ቶሎ እንዲቆም አድርጎ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ትልልቆቹ የአምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ በ1,000 ሰዓት ገድበው ነበር፤ ከዚያ ለበለጠ ሰዓት የሚያበራ አምፖል የሠራ ፋብሪካም ይቀጣ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን በእስር ጭምር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጋዋለች።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ ማሽን ስንት ገጽ አትሞ ራሱን እንደሚቆልፍ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም፤ ነጋዴውም አልነገረኝም። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ የተሰጠን 15 ቀንስ ከዓመት በኋላ ቆጥሮ ለሚቆም ማሽን ምን ይፈይዳል? ነጋዴዎች ይህን ሳይገልጹ እንዳይሸጡ፣ መለዋወጫና ጥገና የማይገኝለትንም ዕቃ በግልጽ «አይጠገንም» ብለው እንዲሸጡ ያድርጉልን።

አራተኛውን ማመልከቻዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ቢሮዎ እሺም ይበል እምቢ፣ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።