ከመርከቡ በፊት መኮንኑ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ኃይላችንን መልሶ የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ በጋዜጣችሁ የወጡትን አስተያየቶች ስከታተል ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ የሚያነሡት የወደብንና የመርከብ ግዢን ጉዳይ ነው። እኔ የባሕረኛ ልጅ ነኝና መርከቡን ስለሚያዘው ሰው ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተጣመረች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ባሕር ኃይሉ ሲመሠረት ጦር ሰፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ ደግሞ አሥመራ ሆነ። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ የረዱት ኖርዌያውያን መኮንኖች ነበሩ። እጩ መኮንኑ ማዕረግ ለመልበስ 52 ወራት፣ ማለትም አራት ዓመት ከአራት ወር መማር ነበረበት። ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ከአሜሪካ የመጣችው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኮሌጁ ከእርሷ ዓመታት ቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። ያን ቅደም ተከተል ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ማነሱ ያሳስበኛል።

አባቴ ምጽዋ ያገለገለ የበታች ሹም ነበር። ልጆች ሳለን ዓይኑን በመሐረብ አስሮ ከቁራጭ ገመድ ሲጎተት የማይጠብቅ ቀለበት ይቋጥርልን ነበር፤ በማዕበል ሌሊት የሚያየው እጅ ነው ይለን ነበር። መኮንኖቹም ያንኑ ቋጠሮ ከባሕረኛው እኩል ተምረው እንደነበር ሲነግረን ድምፁ ይለወጣል፤ የሚያከብራቸውም በዚያ ነበር።

የሆነው ሆኖ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ»ን ጨምሮ መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ፤ እርሷም በኋላ ለብረቷ ተሸጠች። የተረፈው ሀብት በሰዎቹ ጭንቅላትና እጅ ውስጥ ያለው ነው።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረሰው ስምምነት ባሕረኞቻችን እዚያ እንዲሠለጥኑ በር መክፈቱ መልካም ነበር። ሆኖም በዳህላክ ደሴቶች መካከል መርከብ የመሩ፣ የቀይ ባሕርን ነፋስና ከውኃ በታች የተሸሸገውን የኮራል ድንጋይ የሚያውቁ የራሳችን አዛውንት መኮንኖች ለዛሬዎቹ እጩ መኮንኖች ሳያስተምሩ ዕድሜያቸው እያለቀ ነው። የሚመለከተው ክፍል ወደ ማሠልጠኛው ጠርቶ ያስተምሩ ዘንድ ወንበር ቢሰጣቸው፣ ጋዜጣችሁም የሚያውቁትን በዝርዝር የሚያስረዱበት ዓምድ ቢከፍትላቸው ስል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕረኛ ልጅ፣ ከቢሾፍቱ