ክረምቱ ሳይቀድመን ጣራውን እንክደን፤ ለጅማ የምት መሣሪያዎች መለማመጃ ቤት የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ በአዲስ አበባ፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገራት ለምትኖሩ የጅማ ልጆች፣ ለሙዚቃ ወዳጆች ሁሉ፤

ልጆች ከበሮና ሌሎች የምት መሣሪያዎች የሚማሩበት የመለማመጃ ቤታችን ጣራ በበልጉ ነፋስ ከወደቀ ወዲህ ስንጽፍላችሁ ይህ ሁለተኛ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ የሰጣችሁት ገንዘብ 26 ቆርቆሮና የግድግዳውን አናት ዙሪያውን የሚያስረውን እንጨት ገዝቶ አልቋል። ጣራው የሚፈልገው 68 ቆርቆሮ ነው፤ 42 ይቀራል። ካለፈው ወር ጀምሮ ወደ ሒሳቡ የገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጅማ ላይ ዝናብ ሰኔን እንደማይጠብቅ ታውቃላችሁ። አሁን ከበሮዎቹን የሚሸፍናቸው ሸራ ነው፤ ሸራ ደግሞ ውሃ ቢከለክልም እርጥበት አይከለክልም።

ከሁሉ በፊት አከፋፈሉን እንንገራችሁ። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው፣ ሦስት ፈራሚዎች ካልፈረሙ ወጪ በማይደረግበት የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳቡ ቁጥር ከዚህ ጥሪ ግርጌ ከማኅተማችን ሥርና በቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ታትሟል። ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ከበሮ» ብላችሁ ጻፉ። ይህች ቃል ከሌለች ገንዘቡ ለጣራው ይሁን ለሌላ መዋጮ መለየት ያቅተናል። በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ሒሳብ አንቀበልም፤ የኮሚቴ አባል ነኝ የሚል ሰው ቢጠይቃችሁም እንኳ አትስጡ።

ጣራው ለምን ወደቀ ብላችሁ ለጠየቃችሁ መልሳችን ይኸው ነው። ከቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ የሚረግፈው ቅጠል አሸንዳውን ደፈነው። መውረጃ ያጣው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው አናት ላይ ተኛ። ካፕሪያታው (ጣራውን የሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ቋሚ) የሚያርፍበት የእንጨት ጫፍ ከውስጥ በሰበሰ፣ ምስጥም ገባበት። ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ደህና ስለሆነ ማንም ሊጠረጥር አይችልም ነበር። ነፋሱ ሲመጣ ጣራውን ከሥር አነሳውና ጫፎቹ ተሰበሩ። ስለዚህ አዲሱ ሥራ ቆርቆሮ በመለወጥ አያበቃም። ቤቱ 12 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ካፕሪያታዎቹ በየ1 ሜትሩ ይቆማሉ፤ በድምሩ 13 ይሆናሉ፤ ቀድሞ 9 ነበሩ። ቆርቆሮው የሚመታበት ማገር በእያንዳንዱ ጎን 6 መስመር፣ በሁለቱም ጎን 156 ሜትር ነው፤ መጋጠሚያውን ጨምሮ 41 ባለ 4 ሜትር ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ይወስዳል። ግድግዳ የሚነካው ጫፍ ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ይጠጣል። ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ነው (የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል)። ባለ 32ቱ እንደሚረክስ እናውቃለን፤ ግን ሲሳሳ ምስማሩ የገባበት ቀዳዳ በነፋስ ይሰፋል፣ ከዚያ ያፈሳል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲደረብ ቁልቁል 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረባል፤ ባለ ቆቡ ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ የተመታ ምስማር በመጀመሪያው ዝናብ ያንጠባጥባል። በደቦ ለመሥራት የምትመጡ ወንድሞች ይህን እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ችኮላ የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና።

የብር ድምር ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። የቆርቆሮና የሞራሌ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ ሐሰት ይሆናል። በቁጥር ጠይቀናችኋል፣ በቁጥር ስጡን፤ አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ዕድር አንድ ካፕሪያታ። ዕቃውን በዓይነት የሚያመጣም ሰው የንብረት ክፍላችን ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ወቀሳው እንምጣ፤ ቪብራፎን፣ ማለትም የብረት ቁልፎቹ በመምቻ የሚመቱ የሙዚቃ መሣሪያ፣ በመግዛታችን ተነግሮናል፣ ሰምተናልም። «በቪብራፎኑ ገንዘብ ሁለት ኪቦርድ ይገዛ ነበር፤ ጣራውም ይጠናከር ነበር» ተብሏል። የኮሚቴው አቋም ዛሬም ያው ነው፤ ቪብራፎኑ መገዛት ነበረበት። ኪቦርድ የሌላ ሰው የቀረጸውን ድምፅ ያወጣል። ቪብራፎን ግን ልጁ በመምቻው ክብደት፣ በሚመታበት ቦታና በፔዳሉ ድምፁን ራሱ ይሠራዋል። 37 የአሉሚኒየም ቁልፎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ድምፁን የሚያጎላ ቱቦ ተንጠልጥሏል፤ ቱቦው የድምፁን ሞገድ ሩብ ያህል ይረዝማል። በሴኮንድ 220 ጊዜ ለሚርገበገበው ድምፅ ወደ 39 ሳንቲ ሜትር፣ ለትልቁ ወፍራም ድምፅ ወደ 49፣ ለቀጭኑ ደግሞ 6 ገደማ ነው። በቱቦዎቹ አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክብ ክዳኖች ሲከፍቱና ሲዘጉ ያ የሚታወቀው መንቀጥቀጥ ይመጣል። የ14 ዓመት ልጅ ፊዚክስን በጆሮው የሚማርበት ሌላ መሣሪያ በከተማችን አናውቅም።

ለምን ይህን መሣሪያ ለሚለው ደግሞ መልሱ ከራሳችን ከተማ ነው። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት ጅማ ነው። ቤተሰባቸው ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ላካቸው፤ በሬክሰም አቅራቢያ በነበረው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ሙዚቃ አገኛቸው። ከዚያ በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ፤ በርክሊ ከአፍሪካ የተቀበለው የመጀመሪያ ተማሪ እርሳቸው ነበሩ፤ የያዙትም ቪብራፎንና የምት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር የኢትዮጵያን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከኮንጋ (ረጅም የኩባ ከበሮ) ምት ጋር አጋጥመው ሁለት አልበም አወጡ። ወደ አገር ሲመለሱ ቪብራፎንንና ኮንጋን ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ከባንዱ ጋር አዲስ አበባ ሲመጣ አብረው ተጫወቱ። ሥራቸው የዓለምን ጆሮ በሰፊው ያገኘው ግን ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ስብስብ አራተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ፣ ከዚያም በ2005 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ውስጥ ሙዚቃቸውን ሲጠቀም ነው። ከ1966 እስከ 1998፣ 32 ዓመት። በዚህ መሐል ሥራቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ሆነው ተቀመጡ፤ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ዩኒቨርሲቲም ክራርን ስለማዘመን ሠሩ። በርክሊ እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

ይህን የምንጽፈው «ልጆቹ መቼ ኮንሰርት ያሳዩናል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመቱ ብቻ ነው የምንሰማው» ለሚሉን ወገኖች ነው። የሙከራ ሥራ በሁለት ዓመት መድረክ ላይ አይወጣም። የአምስት ድምፅ ቅኝት ከምዕራባውያኑ የአሥራ ሁለት ድምፅ ስምምነት ጋር ሲቀላቀል ዋናው አደጋ ቅኝቱ መጥፋቱ ነው፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲከመር አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። የሙላቱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛውን ድምፅ መጨመር፣ የትኛውን መተው። ይህ የሚገኘው በመሞከርና በማድመጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ክፍል፣ መሣሪያና ጊዜ ያስፈልጋል። እርሳቸው ለዚህ ዌልስ፣ ለንደንና ቦስተን መድረስ ነበረባቸው። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ጅማ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም። (አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ አርቲስቱ በዚህ ጥሪ ውስጥ የሉበትም፣ በስማቸውም አንለምንም። በስማቸው ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣባችሁ ከእኛ አይደለም።)

እስከ አሁን የተሠራውንም ተመልከቱ። 9 ከበሮ፣ 4 አታሞ፣ 3 ኮንጋና አንድ ቪብራፎን አሉን፤ ሁሉም በእናንተው መዋጮ የተገዙ ናቸው። ጀማሪዎች በከበሮ የጭፈራውን ባለ ስድስት ምት ይይዛሉ፤ ቀጥለው በዚያው ላይ አንዱ በሦስት፣ ሌላው በሁለት እየቆጠረ ይመታል፤ ከዚያ አንድ ዙር ሙሉ ዝም ይባልና ሁሉም በትክክለኛው ቦታ መመለስ አለበት። ዝምታው ላይ ነው አብዛኛው ልጅ የሚፈጥነው። በቪብራፎኑ ላይ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ድምፆች በጠመኔ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ልጁ በአምስቱ ብቻ ከልቡ እየፈጠረ ይጫወታል፤ በኋላ ምልክቱ ይጠፋል። መምህራኑ በነፃ ነው የሚያስተምሩት፤ ከመዋጮው አንድ ብር ለአበል ወጥቶ አያውቅም።

ስለ ኮርኒሱ ብዙ ክርክር አለ። «ጣራው ይከደን፤ ኮርኒስ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። በሚመታ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ኮርኒስ ቅንጦት ሊሆን አይችልም። የጅማ ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ልጁ የጓደኛውን ምት አይሰማም፤ ስለማይሰማም ጠንክሮ ይመታል፤ ጠንክሮ ሲመታ ቆዳው ይለቃል፣ እጁ ያብጣል፣ ጆሮውም ይጎዳል። በድንገት እየፈጠሩ አብሮ መጫወት መደማመጥ ነው፤ መደማመጥ ከሌለ የሚቀረው ጩኸት ነው። በተጨማሪም ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ከውስጥ የሚያልበው ውሃ ቀጥታ በመሣሪያዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የኮርኒሱ ቺፕውድ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ከቆርቆሮው ጋር አንድ ላይ ይገዛል፣ ተነጥሎ አይቀርም። ኮሚቴው በዚህ ላይ ወስኗል።

በመሣሪያዎቹ ላይ የደረሰው ጉዳት እንደየዓይነቱ ነው። ከበሮዎቹ ከዋንዛ ግንድ የተቦረቦሩ ስለሆኑ እንጨቱ ጉዳት አልደረሰበትም፤ የ5ቱ ቆዳ ግን ረግቦና ሻግቶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ከበሮ ለሰፊውና ለጠባቡ አፍ የሚበቃ የበሬ ቆዳና ጠፍር ያስፈልጋል። ቆዳ የምትሰጡ ሰዎች፣ ጨው የበላውን አታምጡ፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ቆዳው በክረምት መቼም አይወጠርም። ሲገፈፍ ቢላ ያልቧጠጠው፣ ከጀርባ በኩል የተቆረጠ ይሁን፤ የሆድ ቆዳ ሳስቶ ይለጠጣል። ቆዳው በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ጠጉሩ ይፋቃል፣ እርጥብ እንዳለ በጠፍር ይወጠራል፣ ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። በፀሐይ ወይም በእሳት የተቸኮለበት ቆዳ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። እንግዲህ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚገባው ደረቅ ቤት ከሌለ ቆዳ ቢሰጠንም መጠገን አንችልም።

ቪብራፎኑ ተርፏል። አሉሚኒየም አይዝግም፤ 37ቱም ቁልፎች አሉ። የተበላሸው ቁልፎቹን የያዘው ሲባጎ፣ በፔዳል የሚንቀሳቀሰው ድምፅ ማፈኛ ፌልት (ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) እና የሞተሩ ቀበቶ ነው። ሲባጎው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከቁልፉ ጫፍ ከርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ላይ ነው፤ ብረቱ ሲርገበገብ የማይንቀሳቀሰው እዚያ ስለሆነ። በተራ ሽቦ ለመተካት የሞከረ ሰው ድምፁን ይገድለዋል፤ የናይለን ሲባጎ ነው የሚያስፈልገው። በውጭ አገር ያላችሁ፣ ይህን ሲባጎ፣ የማፈኛውን ፌልትና ሁለት ጥንድ በክር የተጠቀለለ መምቻ ብትልኩልን በሻንጣ ጥግ የሚገባ ዕቃ ነው። ቁልፎቹን ሞርዶ «አስተካክልላችኋለሁ» የሚል ሰው እንዳይነካቸው ወስነናል፤ ከሥር መሐሉ ሲሞረድ ድምፁ ይወርዳል፣ ጫፉ ሲሞረድ ይወጣል፣ የተሞረደው ደግሞ አይመለስም።

ወገኖቻችን፣ ጅማ ቤተ ክርስቲያኗም መስጊዷም ከበሮ የምታውቅ ከተማ ናት። ማሕሌቱ በከበሮ ይደምቃል፤ መንዙማውም ምቱን ይዞ ነው የሚዘለቀው። ለቤተ እምነታችሁ የምትሰጡትን አሥራትና ሰደቃ ለእኛ አዙሩ አንልም። ከዚያ በተረፈው፣ ለልጆች እጅና ጆሮ የሚሆን የሰፈር ግዴታ አለብን እንላለን። ባለፈው የሰጣችሁ እግዚአብሔር፣ አላህ ይስጥልን፤ እናንተን ደግመን ስንጠይቅ ከብዶን ነው። ያልሰጣችሁ ግን ብዙ ናችሁ፤ ይህ ጥሪ በተለይ ለእናንተ ነው።

በድጋሚ፣ ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ነው፤ ቁጥሩ ከማኅተሙ ሥር አለ። ምክንያት በሚለው ላይ «ከበሮ»። የላካችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ ለገንዘብ ያዣችን አድርሱ፤ በሳምንት ውስጥ የኮሚቴው ደረሰኝ ካልደረሳችሁ ጠይቁን፣ ዝም አትበሉ። የእያንዳንዱ ሰው ስጦታ፣ ስሙ እንዳይጠራ ካልፈለገ በቀር፣ በቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ከውጭ የምትልኩም በባንክ ወደዚሁ ሒሳብ እንጂ በሰው እጅ አትላኩ። ቆርቆሮና ሞራሌ የምታመጡ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ንብረት ክፍላችን ይቀበላችኋል፤ ቆዳ የምታመጡ ግን በታረደበት ዕለት አምጡልን፣ አድሮ አይሆንም።

የመለማመጃ ቤቱ አስተባባሪ ኮሚቴ
ጅማ